ንቅሳቱ ሳይነካ፦ የአንድ የሸሸ ድድ የጉዳይ ጥናት

ታካሚዬ የላይኛውን ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ገልበጥ አድርገው አሳዩኝ። «ይኸውልህ፣ እዚህ ጋ ጥርሴ ረዝሟል። ሸፍንልኝ። የድድ ንቅሳቴን ግን እንዳትነካብኝ።» ወንበሩ ላይ ገና በወጉ አልተቀመጡም ነበር። አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ከኋላ ቆማ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

የድድ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው ከዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ አበሾች ናቸው። ድድ ሸሽቶ የተገለጠን የጥርስ ሥር ከላንቃ በተወሰደ ሥጋ መሸፈን፣ በሙያችን አጠራር የድድ ንቅለ ተከላ፣ የዘወትር ሥራዬ ነው። ይህን አንዱን ለይቼ የምጽፈው ጥያቄው ከተለመደው ስለተለየብኝ ነው። ሌላው ታካሚ «ሥሩ ይሸፈናል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። እሳቸው መሸፈኑን እንደ ተረጋገጠ ነገር ወስደው፣ የጨነቃቸው በምን ቀለም እንደሚሸፈን ነበር። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳብቅ ነገር አላስገባሁም።

ዕድሜያቸው 50ዎቹን አጋምሷል፤ ያደጉት ጎጃም ገጠር ነው። አያጨሱም፣ ስኳር የለባቸውም፣ የደም ግፊታቸው በአንድ ኪኒን የተያዘ ነው። «ጨጓራም አለብኝ» አሉኝ። ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ ግን ረሳሁት፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ያመጣቸው ሕመም ቀዝቃዛ ነገር ነው። ውሃ ሲጠጡ በግራ በኩል ይነዝራቸዋል። በብርድ ወቅት ከቤት ሲወጡ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ። «ሎሚ ሳልበላ ጥርሴ ይጠርሳል» ነው ያሉት፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ ከአንድም የሕክምና መጽሐፍ አላገኘሁም። በዚያ ላይ ፎቶ ሲነሱ አንዱ ጥርሳቸው ከሌሎቹ ረዝሞ ይታያቸዋል።

ለካሁ። የድድ ሽሽት የሚለካው ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ነጭ ሽፋን፣ ካበቃበት መስመር እስከ ድዱ ጠርዝ ድረስ ነው። የላይ ግራ ክራንቻቸው ላይ 4 ሚሊ ሜትር፣ ከክራንቻው በስተኋላ ባለችው ጥርስ ላይ 3፣ በስተፊት ባለችው ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚህ ቁጥር ይልቅ ተስፋ የሰጠኝ በጥርሶቹ መካከል ያለው ድድ ነው። ሾጣጣው የድድ ጫፍ ሙሉ ነው፤ በራጅም አጥንቱ አልወረደም። የንቅለ ተከላን ውጤት አስቀድሞ የሚወስነው ይህ ነው። አሜሪካዊው ሚለር እ.ኤ.አ. በ1985 ሽሽትን በአራት ደረጃ ሲከፍል፣ ጣሊያናዊው ካይሮና ባልደረቦቹም በ2011 ወደ ሦስት ሲያጥፉት፣ መሠረት ያደረጉት በዋናነት ይህንኑ በጥርሶች መካከል ያለውን ክፍል ነው። እዚያ ያለው አጥንትና ድድ ካልጎደለ ሥሩን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን መሞከር ይቻላል። ከጎደለ ግን ማንም ምንም ያህል ቢጠበብ ድዱ ከዚያ ከፍታ አልፎ አይቆምም። የእሳቸው አንደኛው ዓይነት ነበር፤ ጥሩው።

የሚቀጥለው ምርመራ ላይ ንቅሳቱ እግሬን ያዘኝ። ድድ ስስ ነው ወይስ ወፍራም የሚለውን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለን፦ ቀጭኗን መለኪያ በድዱና በጥርሱ መካከል ሰደድ ማድረግና ብረቱ በድዱ ውስጥ አሳልፎ ይታይ እንደሆነ ማየት። ከታየ ድዱ ስስ ነው። በተነቀሰ ድድ ውስጥ ምን ይታያል? ከሰል ውስጥ ብረት እንደመፈለግ ነው። መቅላትም አይታይም። የድድ ቁስለት የመጀመሪያ ምልክቱ ድዱ መቅላቱ ነው፤ በሰማያዊ ጥቁር ድድ ላይ ግን መቅላቱ ተደብቆ ይቆያል። ስለዚህ የተነቀሰ ድድ ያለውን ሰው በዓይን ብቻ አይቶ «ጤነኛ ነው» ማለት አይገባም፤ በመለኪያ ነካክቶ ደም ይወጣ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የእሳቸው አልደማም። ውፍረቱን ደግሞ ካደነዘዝኩ በኋላ በመርፌ ለካሁ፦ ክራንቻው ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር። ስስ ነው።

ንቅሳቱ ከላይኛው ድድ ፊት ለፊት፣ ከቀኝ ክራንቻ አለፍ ብሎ እስከ ግራ ክራንቻ ማዶ ድረስ የተዘረጋ ነው። የተነቀሱት 11 ወይም 12 ዓመታቸው ገደማ ነው። የነቀሷቸው እናታቸው ናቸው፤ በታሰሩ መርፌዎችና በጥላሸት። ለሦስት ቀን ወተት ብቻ እንደጠጡ ያስታውሳሉ። ጥርስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ፣ ድድም እንዲጠና ተብሎ ነው የሚደረገው። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ በጥቁር ፍሬም ውስጥ ነጭ ነገር ይበልጥ ይነጣል። ሁለተኛውን ግን የእሳቸው 0.7 ሚሊ ሜትር አይመሰክርለትም። ንቅሳቱ ድዱን አሽሽቶታል ብዬም አልናገርም፤ በቀኝ በኩል ያው ንቅሳት አለ፣ ሽሽቱ ግን ግማሽ ነው።

ልጃቸው አቋም ነበራት። «እማዬ፣ እሱም አብሮ ቢነሳልሽ ምን ይጎዳሻል? እዚህ አገር እኮ ሰው የድድ በሽታ ይመስለዋል» አለች። ከእኔ በፊት ያዩአቸው አንድ ሐኪምም ይህንኑ መክረዋቸው ነበር፦ ጥቁሩን በሌዘር ማንሳት፣ ከዚያ ከላንቃ ቆርጦ መለጠፍ። ሁሉም ሮዝ ከሆነ ልጣፊው አይለይም። አካሄዱ ስሌት አለው፤ አልሳቅሁበትም። እሳቸው ግን ከወንበሩ ተነሥተው ወጥተዋል። «የእናቴ እጅ ነው» አሉኝ። «ከእሷ የቀረኝ ፎቶ እንኳ የለም። ይኼ ነው ያለኝ።»

እኔ የተቃወምኩት በሌላ ምክንያት ነው። የሰው ድድ በተፈጥሮው ሲጠቁር ቀለሙ የሚገኘው በላይኛው ልባጥ ወለል ላይ ነው፤ ሲፋቅ ቶሎ ይነሣል። የንቅሳት ጥላሸት ግን ከልባጡ አልፎ ከሥሩ ባለው ጠንካራ ሥጋ ውስጥ ተቀብሯል። እሱን ለማንሳት ያንን ሥጋ መቀነስ ግድ ነው። ክራንቻው ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ካላቸው ሰው ምን ሊቀነስ ነው? ድዱ የበለጠ ይሸሻል። የእሳቸው እንቢታ ስሜት ቢመስልም ለድዳቸው የተሻለው ውሳኔ እሱ ሆኖ ተገኘ። ለልጃቸው ይህን ሳስረዳት ዝም አለች፤ ማመኗን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የሸሸ ድድ ሁሉ ቢላዋ አይፈልግም። 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ሸሽቶ ለዓመታት ባለበት የቆመ፣ የማያምም፣ የማያሳፍር ድድ ቢተው ይሻላል። መጀመሪያ የሞከርነውም ያለ ቢላዋ ነበር፦ ፍሎራይድ መቀባትና ንዝረት የሚቀንስ የጥርስ ሳሙና። ጥርሱን አንገቱ ላይ በነጭ ሙሌት መሸፈንም አለ፤ ንዝረቱን ያስታግሳል፣ የጥርሱን ርዝመት ግን ያጸናዋል፤ በኋላ ድድ ለመመለስ ሲፈለግም እንቅፋት ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን ድዱን ያሸሸው ነገር መቆም ነበረበት። ብሩሻቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። ጠጣር ነው፤ ፀጉሩ በግራና በቀኝ ተበትኖ መጥረጊያ መስሏል። እንዴት እንደሚቦርሹ ሲያሳዩኝ ክንዳቸው ከትከሻ ጀምሮ ይንቀሳቀሳል፤ ወደ ጎን፣ እንደ መጋዝ። ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የግራ ጎናቸውን አጥብቀው ይፈትጋሉ፤ ክራንቻ ደግሞ ከረድፉ ወጣ ብሎ ስለሚቆም ዱላውን የሚቀበለው እሱ ነው። እሑድ እሑድ በዚያ ላይ የወይራ መፋቂያ ይጨምራሉ። መፋቂያን አልወቅስም። ጫፉ ታኝኮ ከለሰለሰ፣ ከድድ ወደ ጥርስ በቀስታ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ያጸዳል። አግድም ሲሆን ግን ሞረድ ነው።

«ኮልጌትዎስ ምንድን ነው?» ስላቸው ልጃቸውን አዩዋት። ጥርስ የሚያነጣ ተብሎ የሚሸጥ፣ ከሰል የተቀላቀለበት ነው፤ የገዛችላቸው እሷ ናት። እንዲህ ያለው አሸዋነት ስላለው ኢናሜል የሌለበትን ሥር ይበላል። ክራንቻው አንገት ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ጎድጓዳ መስመር ነበር። ጥላሸቱን ከድድ ላይ ለማስነሳት ስትከራከር የነበረችው ልጅ ከሰሉን በቱቦ ገዝታ ስታመጣ መኖሯን ሁለቱም አንድ ላይ ተገነዘቡና ሳቁ። ከዚያን ቀን በኋላ በመካከላቸው የነበረው ውጥረት የላላ መሰለኝ።

ለስላሳ ብሩሽ፣ የእጅ አንጓ ብቻ፣ ሁለት ወር። ንዝረቱ ጥቂት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ወደ ቀዶ ሕክምናው ሄድን።

የድድ ንቅለ ተከላ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፦ ከላንቃ ላይ ቆዳውን ከነሥጋው እንደ ቴምብር ቆርጦ ድዱ ላይ መስፋት። ስዊድናዊው ብዮርን እ.ኤ.አ. በ1963 ጽፎበታል፤ ሱሊቫንና አትኪንስ በ1968 ሥርዓት አስያዙት። እስከ ዛሬ ይሠራል፤ በተለይ ለታችኛው የፊት ጥርስ ጠንካራ ድድ ለመጨመር አቻ የለውም። ግን የላንቃ ቆዳ ፈዛዛ ሮዝ ነው፤ የትም ቢሄድ ሮዝነቱን ይዞ ይሄዳል። በነጭ ሰው ድድ ላይ እንኳ እንደ ጎማ ልጣፊ ይለያል። በእሳቸው ሰማያዊ ጥቁር ድድ ላይ፣ ያውም ሲስቁ በሚታየው ክራንቻ ላይ፣ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው መንገድ ላንገርና ላንገር በ1985 ያሳወቁት ነው፦ ከላንቃ ላይ ቆዳውን ሳይሆን ከቆዳው ሥር ያለውን ሥጋ ብቻ ማውጣት፣ እሱንም በራሱ በጥርሱ ድድ ሥር መቅበር። ላይ የሚታየው የታካሚው የራሱ ድድ ነው፤ ከላንቃ የመጣው ከታች ሆኖ ያወፍረዋል። ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ አልነበረም። አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። ካሪንግ፣ ላንግና ሎው በ1975 በዝንጀሮዎች ላይ እንዳሳዩት፣ በላዩ የሚያድገውን ልባጥ ዓይነት የሚወስነው ከሥር ያለው ሥጋ ነው። የተቀበረው ሥጋ ጠርዙ ከድዱ ሥር ወጣ ብሎ ከቀረ፣ እዚያ ላይ የሚያድገው ልባጥ የላንቃ ልጅ ነው፤ ሮዝ። አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ቢሆን በጥቁር ላይ ይታያል።

አቆራረጡም መታሰብ ነበረበት። በተለመደው አሠራር ድዱን ወደ ጥርሱ ለመሳብ በግራና በቀኝ ወይም በጥርሶቹ መካከል ይቆረጣል። ቁርጥ ሲድን ጠባሳው ነጭ መስመር ነው። በሮዝ ድድ ላይ ዓይን አያየውም፤ በተነቀሰ ድድ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ይመስላል። ስለዚህ የመረጥኩት የዋሻ ዘዴ የሚባለውን ነው፦ በጥርሶቹ መካከል ያለውን ድድ ሳይቆርጡ፣ በጥርስና በድድ መካከል ባለችው ቀዳዳ ገብቶ ድዱን ከሥሩ ማላቀቅ፣ ሥጋውን በዋሻው ውስጥ መሳብ፣ ከዚያም ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ጥርሱ ማውረድ። አድካሚ ነው፣ ዓይን በማይደርስበት በእጅ ስሜት የሚሠራ ነው፤ የተቆረጠ መስመር ግን ላይ አይቀርም።

ከላንቃ መቁረጡን ይፈሩት ነበርና ሌላ አማራጭ እንዳለ ነገርኳቸው። አሎደርም የሚባለው ከሞቱ ለጋሾች ቆዳ የሚዘጋጅ ነው። አማተቡ። ሙኮግራፍት ደግሞ ከአሳማ ነው፤ ድድ እንዲያገግም ይረዳል ተብሎ ሥር ላይ የሚቀባው ኤምዶጌይንም ገና በማደግ ላይ ካለ የአሳማ ጥርስ የሚወጣ ነው። ይህን ሁሉ ሳልነግራቸው ብሠራ በሕግ የሚጠይቀኝ ቢኖርም ባይኖርም ከእሳቸው ጋር የምተያይበት ዓይን አይኖረኝም ነበር። «ከራሴ ላንቃ ውሰድ፤ የራሴ ነው» አሉ።

የኢንሹራንሱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። እዚህ አገር ብዙዎቹ የጥርስ ኢንሹራንሶች በዓመት የሚከፍሉት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ባለ ጣሪያ ነው፤ ሁለት ጥርስ ሲሸፈን ጣሪያው ያልቃል። ቀሪውን በየወሩ ከፈሉ።

ቀጠሮውን የያዝነው ለአንድ ረቡዕ ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። ያ ረቡዕ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ቀን መሆኑን ያወቅሁት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። አበሻ ሐኪም ሆኜ።

ሥራው ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። ማደንዘዣው 2 በመቶ ሊዶኬይን ነው። ሥሩን አጸዳሁ፤ የጎደጎደውን መስመር ጠርዝ አለሳለስኩ። ከዚያ ዋሻው። ድዱ ስስ ስለሆነ ብረቱ ቢበሳው ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ ክራንቻው ላይ ስደርስ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ብረቱን ሳወጣ ጫፉ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ከ40 ዓመት በላይ እዚያ የተቀመጠ ጥላሸት። በጨርቅ ጠረግሁት፤ ትንሽ ቅር እያለኝ።

ላንቃ ላይ ከክራንቻው ጀርባ እስከ መጀመሪያው መንጋጋ ድረስ አንድ ቁርጥ ብቻ አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲያ ትልቁ የላንቃ ደም ሥር አለ። በዚያች ቁርጥ ገብቼ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር፣ 20 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ሥጋ አወጣሁና ቁርጡን መልሼ ሰፋሁት። ሥጋው ከቀጭን የሞራ ቁራጭ አይለይም፤ ለሚያየው ሰው ያን ያህል ዋጋ ያለው አይመስልም። በክር ጎትቼ ወደ ዋሻው አስገባሁት፤ ድዱን ከነንቅሳቱ ወደ ታች ሳብኩና በጥርሶቹ መካከል በተንጠለጠለ 6-0 በሚባል በጣም ቀጭን ክር ሰቀልኩት። ከኢናሜሉ መስመር ትንሽ አሳልፌ ነው ያቆምኩት፤ ሲድን ጥቂት ስለሚመለስ።

ክሊኒካችን ለታካሚ የሚሰጠው አንድ የታተመ ወረቀት አለ። የተፈቀደ ምግብ፦ እርጎ፣ የተመታ እንቁላል፣ አይስክሬም። መድኃኒት፦ አይቡፕሮፌን በየስድስት ሰዓቱ፣ ከምግብ ጋር። ልጃቸው አነበበችላቸውና ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ ደውላ «እማዬ ከትናንት ወዲህ ምንም አልበላችም፤ መድኃኒቱን ግን ወስዳለች፤ ጨጓራዋ ተነሥቷል» ስትለኝ ነው ወረቀቱን በእሳቸው ዓይን ያነበብኩት። ከተዘረዘረው ምግብ አንዱም የጾም አይደለም። እስከ 9 ሰዓት አፋቸው ምንም አይነካም። ጨጓራ ላለበት ሰው፣ በባዶ ሆድ፣ አይቡፕሮፌን። ከሁለት ወር በፊት «ጨጓራ አለብኝ» ሲሉኝ የጻፍኩት ማስታወሻ እዚያው ፋይሉ ላይ ነበር።

አይቡፕሮፌኑን አስቆምኩና በፓራሲታሞል ተካሁት። የነፍስ አባታቸው ጋ ደወሉ፤ ለሰዓቱ ፈቃድ አገኙ። ከእንቁላልና ከእርጎ ግን ሊበሉ አልፈለጉም፤ እኔም አልጫንኳቸውም። ጾመኛ ቤት ለስላሳ ምግብ ሞልቷል፦ የቀዘቀዘ ሱፍ ፍትፍት፣ በርበሬ የሌለው ቀጭን ሽሮ፣ አልጫ ምስር፣ የአጃ ሾርባ። ቆሎ የለም፣ ስናፍጭ የለም፣ ሚጥሚጣ የለም። ትኩስ ቡናም ለሁለት ቀን የለም። ከሁሉ የከበዳቸው የመጨረሻው ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ለብ ያለች አንድ ስኒ ፈቀድኩ። ለአፍ ማጠቢያ ያዘዝኩላቸው ክሎርሄክሲዲን ከቡና ጋር ሲገናኝ ጥርስን ቡናማ እንደሚያደርግ ነገርኳቸው። አደረገም። በኋላ በጽዳት ለቀቀ።

በመጀመሪያው ሌሊት ላንቃቸው ደምቶ ነበር፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወሉ። ደም ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ብዙ ይመስላል። የረጠበ የሻይ ከረጢት ላንቃው ላይ አድርገው 20 ደቂቃ እንዲጫኑት ነገርኳቸው፤ ቆመ።

በጣም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። በአራተኛው ቀን ሲመጡ ክራንቻው ላይ ድዱ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ተመልሷል፤ ከሥሩ የላንቃው ሥጋ ነጭ ጠርዝ ብቅ ብሏል። ከንፈር ተጎትቷል ማለት ነው። አዲስ የተተከለ ሥጋ ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የራሱ ደም ሥር የለውም፤ ከዙሪያው በሚመጠው ፈሳሽ ብቻ ነው የሚኖረው። ጥቃቅን ደም ሥሮች ወደ ውስጥ የሚዘልቁት ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ክሩን ይበጥሳል።

«እትዬ፣ ከንፈርዎን አንስተው ነበር?»

«እኔ? አላነሣሁም።»

ልጃቸው መሬት መሬት አየች። «እማዬ፣ ለእነ አክስቴ በቪዲዮ ስታሳዪ የነበረውስ?»

ባሕር ዳር ያለ ዘመድ ሁሉ አይቶታል። ስልኩ ላይ ከንፈራቸውን ገልብጠው፣ ክሩን እየቆጠሩ፣ «ንቅሳቱ አለ፤ አልነካውም» እያሉ። ምን ብዬ ልቆጣ? የደስታቸው ምክንያት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የሚያዩት በእኔ መስታወት ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

የላንቃው ክር በሰባተኛው ቀን፣ የፊተኛው በ14ኛው ቀን ወጣ። ብቅ ብሎ የነበረው ነጭ ጠርዝ አልሞተም፤ በሁለተኛው ሳምንት ቀላ፣ በስድስተኛው ሳምንት ሮዝ ሆነ። እንደፈራሁት፣ ክራንቻው ጫፍ ላይ እንደ አዲስ ጨረቃ ቀጭን ሮዝ ቅስት ቀረ። ከእሱ በላይ ንቅሳቱ ሳይቆረጥ ይቀጥላል፤ ከጎረቤቱ አንጻር ግን ጥቂት ወደ ታች ወርዷል፤ ድዱን ስስበው አብሮ የመጣ ነውና። ጠባሳ የለም።

በዓመቱ የለካሁት፦ ክራንቻው ከ4 ወደ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ የኋለኛዋ ከ3 ወደ ዜሮ፣ የፊተኛዋ ከ1 ወደ ዜሮ። የክራንቻው ድድ ውፍረት ከ0.7 ወደ 1.6። ንዝረቱ የለም፤ ነጠላውን ለብርድ ብቻ ነው የሚከናነቡት። የቀረው ግማሽ ሚሊ ሜትር የቪዲዮው ነው ወይስ የእኔ ስፌት የሚለውን አልለየሁትም፤ ስሱ ድድ ላይ ክሩን ያጠበቅሁት ትንሽ በዝቶ ሊሆንም ይችላል። ወረቀታችን ግን ተቀይሯል። አሁን ከምግቡ ዝርዝር በላይ «ጾም ላይ ነዎት?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ይህም ለሙስሊም ታካሚዎቼ በረመዳን እኩል ይሠራል።

ሮዙን ቅስት በቀለም ልሸፍነው የምችልበት መንገድ እንዳለ ጠየቁኝ። የለም አልኳቸው፤ ያለው መንገድ የእናታቸው መንገድ ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ እኔ አልችልበትም። መስታወቱን ተቀብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«እናቴ እዚህ ጋ አላደረሰችም እላለሁ» አሉ።

ቀኝ ጎናቸው 2 ሚሊ ሜትር ሽሽት አለው፤ በዚህ አንድ ዓመት አልጨመረም፤ አያማቸውም። እንየው እንጂ አንንካው ብያለሁ። እሳቸው ግን አንዴ ከጀመርን ይጠናቀቅ ባይ ናቸው። ክርክሩ አላለቀም፤ የሚቀጥለውን የልኬት ቀጠሮ ስንይዝ ልጃቸው ስልኳ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከፍታ ቀድማኝ ተናገረች፤ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት።